ቶርታው ይቅርብን፣ ቦንቦሊኖው ይበቃናል

ሰሞኑን የመዝጊያ መዋጮ ወሬ የፈተናውን ወሬ በልጦታል። "የ12ኛ ክፍል ቶርታ ከየት ይታዘዝ?" "ስንት ኪሎ ይሁን?" "ፎቶ ይለጠፍበት ወይስ ስም ይጻፍበት?" መምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር ክርክሩ ይሄው ነው። እኔ ደግሞ ስብሰባ ላይ "ቦንቦሊኖ በሻይ አድርጉትና ይለቅ" ብዬ ተናገርኩና ተሳቀብኝ። አንዱ ባልደረባዬ "ልጆቹን በቦንቦሊኖ ልትመርቃቸው ነው እንዴ?" አለ። ሳቁ ሲያልቅ ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ።

እዚያ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርስ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

አቋሜ ይሄ ነው፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከተማሪ በሚሰበሰብ መዋጮ ቶርታ መግዛት መቅረት አለበት። በምትኩ ሁሉም ልጅ የሚችለው፣ ሁሉም ልጅ የሚበላው ነገር ይቅረብ። እኛ ደሴ ውስጥ ያ ነገር ቦንቦሊኖ ነው። ሰው በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ቤቱ ቶርታ በቶርታ ላይ ቢደራርብ አያገባኝም፣ ይጣፍጠው። የማወራው ስለ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ስለ ልጆችና ከልጆች ስለሚሰበሰብ ብር ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ

አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ አለ እንበል። ኮሚቴው በነፍስ ወከፍ 300 ብር ይላል። 18,000 ብር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 10,000 ለቶርታ፣ 3,000 ለለስላሳ፣ 5,000 ለዲኮር፣ ለድምፅ ማጉያና ለፎቶ። ከየክፍሉ የሚቀርበው ዕቅድ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል እንጂ ቅርጹ ይሄው ነው።

ቶርታው ብቻውን ለአንድ ልጅ 166 ብር ከ67 ሳንቲም ይደርስበታል። ልጁ በእጁ የሚያገኘው ግን ምንድነው? ሶፍት ላይ የተቀመጠች፣ ሦስት ጣት የማትሞላ ቁራጭ። የክሬሙ ግማሽ ቢላው ላይ ቀርቷል። ጥሩ ጥሩው መሀሉ ለክብር እንግዶች በሰሃን ሄዷል። ኋላ ለቆሙት ልጆች የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ይሄን ሁላችንም አይተናል፣ ማንም "ውሸት ነው" አይለኝም።

አሁን ደግሞ የእኔን ዕቅድ ተመልከቱ። እኛ ሰፈር አንድ ቦንቦሊኖ 15 ብር ነው። ለአንድ ልጅ ሦስት ሦስት እንስጠው። 180 ቦንቦሊኖ ይሆናል፣ 2,700 ብር። ሻይ በ10 ብር፣ 600 ብር። ድምር 3,300 ብር። ለ60 ሲካፈል 55 ብር ይመጣል። አሥር ልጆች ምንም ባይከፍሉ እንኳ የቀሩት 50 ልጆች 66 ብር ቢያወጡ ይሸፍኑታል። አሥሩ እነማን እንደሆኑ ማንም ሳያውቅ። ከቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ ይቺን ያዙልኝ፦ ማንም ሳያውቅ።

በቶርታው ሒሳብ ግን አሥር ልጅ ካልከፈለ 3,000 ብር ይጎድላል። 3,000 ብር ሲጎድል ኮሚቴው ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ስም ይጠራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ስም

ወላጆች፣ ስሙ የት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ? ሰሌዳ ላይ። ጥጉ ላይ ሳጥን ይሠራና "ያልከፈላችሁ" ይባላል፣ ከሥሩ ስም ይደረደራል። አስተማሪ እንዳያጠፋው ደግሞ ከጎኑ "እንዳይጠፋ" ተብሎ ይጻፋል። እኔ አንዴ ገብቼ ቀሪውን ሰሌዳ አጥፍቼ ማስተማር ስጀምር ልጆቹ ከእኔ ትምህርት ይልቅ ያቺን ሳጥን ነበር የሚያዩት። ሳጥኗን አጠፋኋት። በማግሥቱ ተመልሳ ተጽፋ አገኘኋት።

ስማቸው እዚያ ውስጥ ከነበረ ልጆች ሁለቱ በመጨረሻው ሳምንት ከትምህርት ቀሩ። ክለሳ የምንሰጥበት ሳምንት ነው። አንደኛዋን መንገድ ላይ አግኝቼ "ምነው ጠፋሽ?" ስላት "አሞኝ ነው ቲቸር" አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። እውነቱን የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምታስተምራት። "300 ብር አምጪ ብዬ ፊቷን ከማይ ቀርቼ ቁጭ ልበል" ብላ ነው።

ልብ በሉ፣ ያቺ ልጅ ቶርታ አምሯት አይደለም የቀረችው። "ሳትከፍል በላች" መባልን ፈርታ ነው። እኛ አገር ሰው ለመራብ አይፈራም፣ ለመታፈር ነው የሚፈራው።

ደግሞ የትኛው ሳምንት ላይ እንደሆነ አስቡ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። ሁላችንም ደንግጠን ነበር፣ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተቀመጥን። ልጆቹ የወደቁት በቶርታ ነው አላልኩም፣ እንዳትጠመዝዙብኝ። ያልኩት አንዲት ቀን ክለሳ ወርቅ በሆነችበት ሰዓት ልጅ በመዋጮ አፍሮ ቤቱ እንዲቀር የምናደርግ ከሆነ "ለውጤት እየሠራን ነው" ማለታችን ለአፍ ነው።

"የድሃ ምግብ"

ስብሰባው ላይ ሳቁን ያመጣው ይሄ ነው። ማንም በግልጽ አላለውም፣ ግን ሁሉም ያሰበው "ቦንቦሊኖ የድሃ ምግብ ነው፣ ቶርታ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ምግብ ነው" የሚለውን ነው። እስቲ እንየው።

ቦንቦሊኖ ስሙ ጣልያንኛ ነው። ጣልያኖች ቦምቦሎኔ የሚሉት ተጠብሶ ስኳር የሚነሰነስበት ኬክ አላቸው፣ ስሙም ድብልብል ከመሆኑ የተነሳ ከቦምብ ጋር ይያያዛል። ቶርታስ? እሱም ጣልያንኛ ነው። ፉርኖም ጣልያንኛ ነው፣ ምድጃ ማለት ነው። ሦስቱም ከአንድ ቋንቋ የመጡ ናቸው። በኅዳር 1928 ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ንጉሡ እዚሁ ከተማችን ነበሩ፣ አባቶቻችን ቦምቡን በዓይናቸው አይተውታል። ቦምቡ አለፈ፣ ስሙ ቦንቦሊኖ ሆኖ ድስት ውስጥ ቀረልን። እንግዲህ ከአንድ ቤት ከወጡ ሁለት እንግዶች አንዱን "ጌታ" ሌላውን "ድሃ" ያላቸው ማነው? እኛው ነን። በዋጋው አይተን።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ አንድ ጥሩ ካፌ ግቡ። መስታወት ውስጥ ቀለበት የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ላዩ ላይ ቸኮላት ተቀብቷል፣ ባለቀለም ስኳር ተረጭቷል። ስሙ "ዶናት" ነው። ዋጋው የቦንቦሊኖን አምስት እጥፍ፣ ስድስት እጥፍ ነው። ቸኮላቱን በማንኪያ ፋቅ አድርጉና ቅመሱት። ምንድነው? የፉርኖ ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ዘይት። ያው የእኛ ቦንቦሊኖ ክራቫት አስሮ ነው። ክራቫት ያሰረውን "አቤት ሲያምር" ብለን ፎቶ እናነሳዋለን፣ ክራቫት ያላሰረውን "አቧራ አለበት" እንለዋለን።

ሰዎች፣ ይሄ የምግብ ጉዳይ ብቻ መሰላችሁ? ልጆቹ ይሄንኑ ነው ከእኛ የሚማሩት። ዕቃውን ትተው መጠቅለያውን ማየት። ጓደኛቸውንም ነገ በዚሁ ዓይን ያዩታል።

"ለጤና ጥሩ አይደለም"

ይሄን የሚሉኝ ሰዎች ግማሽ እውነት አላቸው፣ ስለዚህ በትዕግሥት ልመልስ። ኬሚስትሪ ስለማስተምር ነገሩ የዕለት እንጀራዬም ነው።

ቦንቦሊኖ የጤና ምግብ ነው አላልኩም። ዱቄትና ዘይት ነው። ትልቁ ችግሩ ሊጡ ሳይሆን ዘይቱ ነው። አንድ ዘይት በተደጋጋሚ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅንና ከሊጡ ከሚወጣው ውሃ ጋር እየተገናኘ ይሰባበራል። ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ አረፋ ያበዛል፣ ድሮ ከሚጨስበት ሙቀት ባነሰ ሙቀት መጨስ ይጀምራል። ያ ዓይን የሚያቃጥለው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው ጭስ አክሮሊን የሚባል ነገር አለበት። ስለዚህ ዘይቱ ቡና የመሰለ ድስት ካያችሁ እለፉት፣ ሌላ ጋ ግዙ። ይሄን ለተማሪዎቼም እነግራቸዋለሁ።

መጠቅለያውም ችግር ነው፣ እውነት ነው። በቀለም የተጻፈ አሮጌ ወረቀት ትኩስ ዘይት ሲነካው ቀለሙ ወደ ምግቡ ይሄዳል። አንድ ቀን የገዛሁት ቦንቦሊኖ በራሴ የፈተና ወረቀት ተጠቅልሎ ደረሰኝ። ጥያቄ ቁጥር ሰባት ላይ ዘይት ፈሶበታል፣ መልሱ ግን አሁንም ስሕተት ነው።

ግን ቶርታው መልአክ ነው እንዴ? ዱቄት አለው፣ ስኳር አለው፣ ቅቤ ወይም የረጋ የአትክልት ቅባት አለው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ስኳርና ሌላ ቅባት ክሬም ተብሎ ተጭኗል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፣ ለአንድ አዋቂ በቀን 50 ግራም ገደማ ማለት ነው። ደህና ቁራጭ ቶርታ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጋር ይሄን መስመር በአንድ ቁጭታ ሊያሻግር ይችላል። ቦንቦሊኖን "ስኳር ነው፣ ዘይት ነው" ብሎ ከልክሎ ቶርታ የሚያቀርብ ኮሚቴ የጤና ኮሚቴ አይደለም።

ሌላም አለ። ቦንቦሊኖ 170 እና 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከጋለ ዘይት ውስጥ ነው የሚወጣው። ትኩሱን በንጹህ እጅ ከበላኸው ሆድ የሚያሳምም ጀርም የሚተርፍበት ዕድል ጠባብ ነው። ክሬም ግን ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ነገር ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ አድሮ፣ በባጃጅ ተጭኖ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግቢ ገብቶ፣ የእንግዶች ንግግር እስኪያልቅ እስከ ሰባት ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ክሬም ምን እንደሚሆን ባዮሎጂ አስተማሪዎቻችንን ጠይቁ።

ማን ይበላል፣ ማን ይቀራል?

ይሄን ነጥብ ስብሰባው ላይ አንድም ሰው አላነሳውም፣ ደሴ ተቀምጠን። ቶርታ ውስጥ እንቁላል አለ፣ ወተት አለ፣ ቅቤ አለ። ትምህርት የምንዘጋው ሰኔ ላይ ነው። የሐዋርያት ጾም አለ። የሰኔን ጾም የሚጾም ተማሪ የለንም እንዴ? አሉን። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለማ የማይበላው ብዙ ነው። "የጾም ቶርታ ለብቻ ይታዘዛል" ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ይታዘዝ። ሌላ ብር፣ ሌላ ጠረጴዛ፣ ሌላ ሰልፍ። 12 ዓመት አብረው የተማሩ ልጆች በመጨረሻው ቀን በሁለት ጠረጴዛ ይለያዩ ማለት ነው?

ቦንቦሊኖ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ዘይት ነው። የሚጾመውም ይበላዋል፣ የማይጾመውም ይበላዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሰሃን ያነሳዋል። ረመዳን ላይ ማፍጠሪያ ሆኖ ይቀርባል፣ ዐቢይ ጾም ላይ ከሻይ ጋር ይቀርባል። ወሎ እኮ የምትመሰገነው በዚህ ነው፣ አንዱ ለአንዱ ማዕድ በመጠንቀቅ። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" የሚለውን ተረት ለልጆቻችን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እያስተማርን መዝጊያው ላይ የሚያለያይ ምግብ እናቀርባለን።

በሩ ላይ ያሉት እናት

ስለ ቦንቦሊኖ ሲወራ የሚጠብሱት ሰዎች ይረሳሉ። ከትምህርት ቤታችን በር አጠገብ የሚጠብሱ እናት አሉ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው ያቦካሉ። በደሴ ብርድ ሊጥ እንዲነሳ ምን ያህል መጠበቅ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ያውቃል፣ ባልዲውን በብርድ ልብስ ይጠቀልሉታል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድስታቸው ከሰል ላይ ነው። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያ ሰዓት ትምህርቱን የሚከታተለው በእሳቸው ጉልበት ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምገባ ተጀምሯል፣ እሰየው። እኛ ጋ ላለ የ12ኛ ክፍል ልጅ ግን የጠዋት ምገባው እኚህ እናት ናቸው። ሳንቲም የሌለው ልጅ ሲመጣ "ሰኞ ትሰጠኛለህ ልጄ" ይሉታል። ደብተር አላቸው፣ ዱቤ ይጽፋሉ። የትኛው ኬክ ቤት ነው ለተማሪ ዱቤ የሚሰጠው?

እሳቸውን ግን ምን እናደርጋቸዋለን? "ግቢ ያቆሽሻሉ" ብለን እናስነሳቸዋለን። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የጋለ ዘይት ይዘው ይሮጣሉ። የጋለ ዘይት ይዞ መሮጥ ምን እንደሆነ አስባችሁታል? እንግዳ በሚመጣበት ቀን ደግሞ "ዛሬ እንዳይታዩ" ይባላሉ። ዓመቱን ሙሉ ልጆቻችንን ያበላ ሰው በመዝጊያው ቀን የሚደበቅ ነውር ይሆናል።

ዋጋው እሳቸውም ላይ ጨምሯል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። የምግብ ዘይታችን አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ መጥበሻቸው ድረስ መጣባቸው። ተማሪዎቼ "ቦንቦሊኖው ከስቶ ቀዳዳው ብቻ ቀረ" እያሉ ይቀልዳሉ። እሳቸው ግን ዋጋውን በአንዴ አልሰቀሉም፣ የልጆቹን ኪስ ያውቁታል። እንግዲህ የመዝጊያ ቀን 180 ቦንቦሊኖ ቢታዘዛቸው፣ ለጎረቤቶቻቸውም ቢያካፍሉ፣ ያ 2,700 ብር እዚሁ ሰፈር ይቀራል። ከሚጠብሱት አንዷ ምናልባት የአንድ ተማሪያችን እናት ናት።

"ቶርታ የሚሠራውም ሠራተኛ ነው፣ እሱስ አይብላ?" የሚል አለ። ልክ ነው፣ ሙያው የተከበረ ሙያ ነው፣ ጥሩ ኬክ መጋገር ቀልድ አይደለም። ሰርግ አለ፣ ልደት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ኒካህ አለ፣ የመሥሪያ ቤት በዓል አለ። ያላቸው ሰዎች ይግዙት። ልብስ አጣቢ እናት ልጇ እንዳይዋረድ ብላ ተበድራ የምትገዛው ግን መሆን የለበትም።

"በሕይወታቸው አንዴ ነው እኮ"

ከመልሶቹ ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው። "አንዴ ነው፣ ይደሰቱበት፣ ምን አካበድክ?"

እኔም የምለው አንዴ ነው ነው። አንዴ ስለሆነ ነው የቀረ ልጅ ለዘላለም የሚቀርበት። የልደት ቀን በየዓመቱ ይመጣል፣ የ12ኛ ክፍል መዝጊያ ግን ለማንም ተመልሶ አይመጣም። ከ20 ዓመት በኋላ ክፍሉ ፎቶውን ሲያወጣ ያቺ ልጅ የለችበትም። "የት ነበርሽ?" ቢሏት "አሞኝ ነበር" ትላለች፣ ያኔም መሬት መሬት እያየች። የቶርታውን ጣዕም ማን ያስታውሰዋል? በቀሪነቷ ግን እሷ ታስታውሰዋለች።

"ፎቶው አያምርም" ትላላችሁ። እኔ ትክክለኛው ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ቶርታው የሚገዛው ለሆድ አይደለም፣ ለካሜራ ነው። የሌላው ትምህርት ቤት ቲክቶክ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ አስቆርጦ ስለለቀቀ እኛ ባለ አንድ ፎቅ ካቀረብን አነስን ማለት ነው። የግል ትምህርት ቤት ያለውን ወላጅ ይዞ የሚያደርገውን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሌለውን ወላጅ ይዞ ሊያደርግ ሲንጠራራ ወገቡ ይቀጫል። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ከተማ ገብቶ ስንት ቤት ባዶ እንደቀረ የረሳን አለን? ሱቁ የተዘረፈበት፣ ሥራው የቆመበት አባት ልጁን እስካሁን እያስተማረ ያለው እንዴት ሆኖ እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

"ትልቅ እንዲያስቡ እናስለምዳቸው እንጂ በትንሽ እናስለምዳቸው?" ያለኝም ነበር። ወዳጄ፣ ትልቅ ማሰብ ማለት ከአቅም በላይ መብላት አይደለም። አንድም ጓደኛ ሳይቀር 60 ልጅ አብሮ የሚበላበትን መንገድ መፈለግ ነው ትልቅ ማሰብ። "ያለውን የሰጠ ንፉግ አይባልም" ይላሉ አባቶች። ያለንን እናቅርብ።

"ያልከፈለም ይብላ ብለናል እኮ" የሚለው ደግሞ ቅን ሐሳብ ነው፣ ግን አይሠራም። ሌሎቹ 300 የከፈሉበትን በነጻ የሚበላ የ18 ዓመት ልጅ ጉሮሮው ላይ ነው የሚቆመው። 66 ብር ከሆነ ግን ጓደኛው ሳይነገር ይከፍልለታል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ተቃውሞ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። አራት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ የመዋጮ ጣሪያ ይቀመጥ፣ ዝቅተኛ ይሁን። እኔ ከ70 ብር አይለፍ እላለሁ። ከዚያ በላይ መስጠት የሚፈልግ ወላጅ ካለ እሰየው፣ ስሙ ሳይጠራ ይስጥ፣ ለመጪው ዓመት ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛበት።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳ ላይ ስም መጻፍ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የክፍል ኃላፊ መምህራን፣ ይሄ የእኛ ሥራ ነው፣ የልጆቹ አይደለም። ገንዘቡ በፖስታ ይሰበሰብ። ማን ስንት እንዳስገባ የሚያውቅ አይኑር።

ሦስተኛ፣ ጠባሾቹ እናቶች ቀድሞ ይነገራቸው። ለዕለቱ አዲስ ዘይት የምንገዛላቸው እኛ እንሁን፣ ከመዋጮው ወይም ከመምህራን ኪስ። ንጹህ ነጭ ወረቀትና ማንሻም እናቅርብ። ግቢ ውስጥ ጥላ ያለው ቦታ ይሰጣቸው፣ እዚያው ይጥበሱት፣ ልጆቹ ትኩሱን ይብሉ። ጤና ያሳሰባችሁ በሙሉ እዚህ ጋ ኑና አግዙን። ማባረር ቀላል ነው፣ ዘይት መቀየር ነው ቁም ነገሩ።

አራተኛ፣ ንግግሩ ይጠር። ይሄ ከቦንቦሊኖ ጋር ባይገናኝም ሁላችሁም የምትስማሙበት አንድ ነገር ይኑር ብዬ ነው።

የክፍል አለቆች፣ ይሄን የምታነቡ አላችሁ፣ አውቃለሁ። "ቲቸር ቶርታችንን ሊያስቀርብን ነው" ብላችሁ እንደምትናደዱብኝም አውቃለሁ። ከመናደዳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዛሬ ማታ የክፍላችሁን ስም ዝርዝር አውጡና ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቤታቸውን አስቡ። 300 ብር ሲባል ዝም የሚሉትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ከእኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። ከዚያ በኋላ ምረጡ።

ወላጆችም ዝም አትበሉ። "ልጄን ያዋርዱብኛል" ብላችሁ ተበድራችሁ አትክፈሉ። አንድ ወላጅ ደፍሮ ስብሰባ ላይ "ከበደን" ካለ ሌሎች ሃያዎቹ ከኋላው ይነሳሉ፣ ሁሉም የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ነው።

ኮሜንት ላይ እንነጋገር። የምትቃወሙኝም ኑ፣ ስድቡ ብቻ ይቅር። የእኔ ክፍል ሐሳቡን ከተቀበለ የ60ውም ሻይ በእኔ ነው፣ 600 ብሩን ከመዋጮው ቀንሱት።